ያለ ደንብ የተሰጠ አክሊል

ሹመት ሰጪ አለው፤ ሙያ ግን ሰጪ የለውም። ሹመትን ዛሬ የሰጠ ነገ ሊነሣው ይችላል፤ ሙያን ግን ባለቤቱ በላቡና በትዕግሥቱ ያገኘው ስለ ሆነ፥ ማንም እጁን ዘርግቶ ሊወስድበት አይችልም። ይህ ለማንም የተሰወረ ነገር አይደለም። አስቸጋሪው ጥያቄ የሚመጣው ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ ነው። ባለሙያ የሆነ ሰው፥ የሚገባውን ማዕርግ፥ ነገር ግን ከደንብ ውጭ የተቀበለ እንደ ሆነ ምን ይባላል? ብዙ ሰው «ለሚገባው ከተሰጠ ምን ከፋ?» ይላል። እኔ ግን ከፋ እላለሁ። ከደንብ ውጭ የተሰጠ ማዕርግ የሚጎዳው ያልተሰጠውን ሰው ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውንም ሰው ጭምር ይጎዳል።

ለዚህ አሳቤ ምስክር አድርጌ የማቀርበው አንድ የጀርመን የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ነጂ ነው። ስሙ ሄርማን ላንግ ይባላል። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ መኪና ለሚወዱ ወጣቶች ብቻ የሚነገር ተረት አይደለም፤ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሰውን ሥራ መዝኖ ሽልማትን ወይም እድገትን ለሚወስን ወጣት ሹም፥ ወይም ነገ ይህን ለማድረግ ዛሬ ለሚማር ተማሪ ብዙ የሚነግረው ነገር አለ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ላንግ የተወለደው በ1909 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን፥ በሽቱትጋርት ከተማ ካንሽታት በሚባለው ሰፈር ነው። ይህ ሰፈር በአውቶሞቢል ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስም አለው። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1880ዎቹ ዓመታት ፈጣኑንና ቀላሉን የቤንዚን ሞተር የሠሩት በዚሁ በካንሽታት፥ በአንድ የአትክልት ቦታ ውስጥ በነበረች ትንሽ ቤት ነው። ስለዚህ የላንግ መንደር የሞተር ድምፅ እንግዳ ያልሆነበት መንደር ነበር። ቤተ ሰቡ ግን ባለጸጋ አልነበረም። አባቱ ገና ልጅ ሳለ ስለ ሞተበት፥ እንደ ሀብታም ልጆች በከፍተኛ ትምህርት ቤት መቈየት ሳይችል ቀርቶ የሞተር ብስክሌት መካኒክነት ተማረ።

ወጣቱ መካኒክ የሚጠግነውን ሞተር መንዳትም ወደደ። ከሥራ በተረፈው ጊዜ በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ገባ፤ ብዙም ሳይቈይ ጐኑ ላይ የሰው መቀመጫ ባለው ሞተር ብስክሌት ዝና አተረፈና በ1931 ዓ.ም. በዚህ ዓይነት የተራራ መውጣት ውድድር የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ነገር ግን ሻምፒዮንነት እንጀራ አልሆነለትም። ያን ጊዜ በጀርመን አገር በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ሥራ ያጣበት ዘመን ነበርና፥ ላንግም ከሥራ አጦቹ እንደ አንዱ ሆኖ ተንከራተተ። በመጨረሻ በዳይምለር ቤንዝ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ የተቀጠረውም በነጂነት ሳይሆን በመካኒክነት ነበር።

በ1934 ዓ.ም. በዓለም ላይ ለሚደረገው ታላቅ እሽቅድምድም አዲስ ደንብ ወጣ። የመኪናው ክብደት ያለ ነጂ፥ ያለ ቤንዚን፥ ያለ ዘይትና ያለ ጎማ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የደንቡ አሳብ መኪናውን በማቅለል ፍጥነቱን ለመቀነስ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ግን ቀላልና ጠንካራ ብረት እየፈለጉ በዚያው ክብደት ውስጥ እጅግ ኃይለኛ ሞተር አስገቡበት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመርሴዲስ መኪና ከ550 የፈረስ ጕልበት በላይ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለውን መኪና በቀጭን ጎማ ላይ አድርጎ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር መንዳት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት።

ላንግ በዚያ ዓመት ሉዊጂ ፋጂዮሊ የተባለው የኢጣሊያ ነጂ ለሚነዳት የመርሴዲስ መኪና መካኒኮች ኃላፊ ሆነ። የእሽቅድምድም መካኒክ ሥራ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ በአንድ ዓይነት ካንዴላ ይሞቃል፤ ከሞቀ በኋላ ያ ወጥቶ ሙቀት የሚችለው ሌላው ካንዴላ ይገባል። በውድድሩ መካከል መኪናው ሲቆም ክሪክ ገብቶ፥ ጎማዎቹ ወጥተው፥ ሌሎች ገብተው፥ ቤንዚን ተሞልቶ፥ የነጂው መነጽር ተለውጦ የሚያልቀው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። አንዲት ብሎን ሳትጠብቅ የቀረች እንደ ሆነ የሚሞተው መካኒኩ ሳይሆን ነጂው ነው። ጋዜጣ ግን የመካኒኩን ስም አይጽፍም፤ ዋንጫውም ላይ ስሙ አይቀረጽም።

የቡድኑ አለቃ አልፍሬድ ኖይባወር የዚህን ዝምተኛ ሠራተኛ ችሎታ ተመለከተና መኪናውን እንዲነዳ ዕድል ሰጠው። በ1935 ዓ.ም. ላንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በነጂነት ከታላላቆቹ ጋር ተሰለፈ። ከዚህ በኋላ የመጣው ችግር የመኪና ችግር አልነበረም፤ የሰው ነበር እንጂ። ከቡድኑ ነጂዎች መካከል ሩዶልፍ ካራቺዮላ የሆቴል ባለቤት ልጅና የታወቀ ሻምፒዮን ነበር። ማንፍሬድ ፎን ብራውሂትሽ ደግሞ ከመኳንንት ወገን የተወለደ፥ አጎቱም በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነ የጦር ሰው ነበር። ትናንት ቱታ ለብሶ ከመኪናቸው ሥር ተጋድሞ የነበረው ሰው ዛሬ በአጠገባቸው መቀመጡ ደስ አላሰኛቸውም። አንድ ቀን በሆቴል ውስጥ ብራውሂትሽ አሳላፊውን ጠርቶ ለራሱና ለካራቺዮላ ሻምፓኝ፥ ለላንግ ግን ቢራ እንዲያመጣ አዘዘ ተብሎ ይነገራል። ይህ ነገር በእሽቅድምድም ዓለም ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ የሚወራ ነው። ስድብ አልወጣም፤ ክርክርም አልተነሣም፤ አንድ ብርጭቆ ቢራ ብቻ ቀረበ። ንቀትም ብዙ ጊዜ ቃል ሳያወጣ የሚሠራው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

ላንግ የመለሰው በአፉ ሳይሆን በሥራው ነበር። በ1937 ዓ.ም. በትሪፖሊ ታላቁን ውድድር አሸነፈ፤ ይህም በታላቅ ውድድር የመጀመሪያ ድሉ ነው። በዚያው ወር በበርሊን ከተማ አቩስ በሚባለው መንገድ ላይ በአማካይ በሰዓት 261 ኪሎ ሜትር ያህል በመንዳት አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ፍጥነት ያለው ውድድር በዓለም ላይ ታይቶ አያውቅም ነበር። መካኒክ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመው። ኃይለኛው ሞተር የኋላውን ጎማ በጥቂት ዙር ውስጥ ይበላው ነበርና፥ ጎማን መቈጠብ፥ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ፥ መኪናው ሳይሰበር ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ማወቅ ዋና ጥበብ ነበር። ሌላው ነጂ መኪናውን እንደ ፈረስ ይጋልበዋል፤ ላንግ ግን የእያንዳንዱን ብረት ስም ያውቅ ነበር።

ሁሉ ነገር ግን ድል ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1937 ዓ.ም. መስከረም ወር በቼኮስሎቫኪያ በብርኖ ከተማ የላንግ መኪና ከመንገድ ወጥታ ወደ ተመልካች ገባች፤ ሰዎችም ሞቱ። የዚያን ዘመን እሽቅድምድም ያለ አጥር፥ በሕዝብ መንገድ ላይ፥ በዛፍና በድንጋይ መካከል የሚደረግ ስለ ነበረ፥ የነጂው ስሕተት ወይም የመንገዱ ብልሽት ዋጋው የሰው ነፍስ ነበር። የፍጥነትን ክብር የሚያወራ ሰው ይህንንም አብሮ ማውራት ይገባዋል።

አሁን ወደ ትሪፖሊ እንመለስ፤ ለአሳቤ ዋናው መንገድ በዚያ በኩል ያልፋልና። በዚያን ጊዜ ትሪፖሊ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት የሊቢያ ዋና ከተማ ነበረች፤ ገዢዋም ማርሻል ኢታሎ ባልቦ ነበረ። የፋሺስት መንግሥት ኃይሉንና ሥልጣኔውን ለዓለም ለማሳየት ሲል ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ 13 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሰፊ የእሽቅድምድም መንገድና ትልቅ የተመልካች ሰገነት አዘጋጅቶ ነበር፤ ከውድድሩም ጋር ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ሎተሪ ተያይዞ ነበር። ላንግ በዚያ መንገድ በ1937፥ በ1938ና በ1939 ዓ.ም. ተከታትሎ አሸነፈ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በነዚያው ሦስት ዓመታት የዚሁ መንግሥት ጦር አገራችንን ይዞ ነበር፤ አርበኞቻችንም በየዱሩ ይዋጉት ነበር። በትሪፖሊ ሰገነት ላይ የሚያጨበጭቡት ሹማምንት የጌጡን ፊት ያሳዩ ነበር፤ የደሙን ፊት ያየነው እኛ ነን።

ኢጣሊያኖቹ በገዛ መንገዳቸው ላይ በየዓመቱ በጀርመኖች መሸነፍ መረራቸው። ስለዚህ በ1939 ዓ.ም. የሚደረገው የትሪፖሊ ውድድር የሞተራቸው መጠን ከአንድ ሊትር ተኩል ለማይበልጥ መኪናዎች ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። አልፋ ሮሜዮና ማዜራቲ እንዲህ ያለ መኪና ነበራቸው፤ ጀርመኖች ግን አንድም አልነበራቸውም። ደንቡ የወጣው ለማን ጥቅም እንደ ሆነ ሕፃን ልጅም ይረዳዋል። ዳይምለር ቤንዝ ግን አላጕረመረመም፤ በስምንት ወር ገደማ ውስጥ ስምንት ሲሊንደር ያላት አዲስ ትንሽ መኪና በምስጢር ሠራ። ደብልዩ 165 ተባለች። ሁለት ብቻ ተሠርተው በመርከብ ተሻገሩ፤ አንዷን ላንግ፥ አንዷን ካራቺዮላ ያዙ። ግንቦት ላይ በተደረገው ውድድር ላንግ አንደኛ፥ ካራቺዮላ ሁለተኛ ወጡ፤ የኢጣሊያኖቹ ብዙ መኪናዎች ወይ ተሰበሩ፥ ወይ ወደ ኋላ ቀሩ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የትሪፖሊው ደንብ ለአንድ ወገን ያደላ ነበር፤ ነገር ግን አስቀድሞ ታወጀ፤ በሁሉም ላይ እኩል ተፈጸመ። ስለዚህ በሥራ ሊሸነፍ ቻለ። ያደላ ደንብ እንኳ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ ለትጉህ ሰው በር ይተውለታል። ትጉህ ሰውን ፈጽሞ እጁን የሚያስረው ሌላ ዓይነት ነገር ነው፤ እሱም ሥራው ካለቀ በኋላ የሚለወጥ ደንብ ነው። ላንግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ያገኘው ይህንን ነበር፤ ያገኘውም እንደ ተበዳይ ሳይሆን እንደ ተጠቃሚ ነበር።

በ1939 ዓ.ም. ላንግን የሚያቆመው አልተገኘም። በፖ፥ በአይፈል፥ በትሪፖሊ፥ በቤልጅግና በስዊስ ታላላቅ ውድድሮች አሸነፈ። የቤልጅጉ ድል መራራ ነበር። የቡድን ባልንጀራው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሲማን በዝናብ ውስጥ ሲመራ ሳለ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ መኪናው ተቃጠለና በዚያው ሌሊት ሞተ። በዚያ ዘመን የኤውሮፓ ሻምፒዮን የሚባለው በአራት ውድድሮች ነጥብ የሚመረጥ ነበር፤ እነሱም የቤልጅግ፥ የፈረንሣይ፥ የጀርመንና የስዊስ ነበሩ። አቈጣጠሩም ከዛሬው የተለየ ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፥ ሁለተኛ 2፥ ሦስተኛ 3 ያገኛል፤ ሳይጨርስ የቀረ ደግሞ በቶሎ በተሰበረ መጠን ብዙ ነጥብ ይጫንበታል። አሸናፊው ጥቂት ነጥብ ያለው ነው።

ላንግ ከአራቱ ሁለቱን አሸነፈ፤ በሁለቱ ግን መኪናው ስለ ተበላሸ አልጨረሰም። የአውቶ ኡኒዮን ነጂ የነበረው ሄርማን ፓውል ሙለር ግን የፈረንሣይን አሸነፈ፤ በጀርመን ሁለተኛ፥ በስዊስ አራተኛ ወጣ። ሲደመር ሙለር 12፥ ላንግ 14 ሆኑ። በሥራ ላይ በነበረው አቈጣጠር ቀዳሚው ሙለር ነበረ። አቈጣጠሩን ለመለወጥ አሳብ ቀርቦ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሳይሰበሰብ በመስከረም ወር ጦርነት ተነሣ። የመጨረሻው ታላቅ ውድድር በቤልግራድ የተደረገው እንግሊዝና ፈረንሣይ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጁበት ቀን ነው፤ ላንግም በዚያ ቀን የተፈናጠረ ድንጋይ መነጽሩን ስለ ሰበረበት መኪናውን ለሌላ ነጂ ለቀቀ።

ከዚህ በኋላ የጀርመን ሞተር ስፖርት የበላይ ሹም የነበረው አዶልፍ ሁንላይን የ1939 የኤውሮፓ ሻምፒዮን ሄርማን ላንግ ነው ብሎ አወጀ። ሁንላይን የናዚ ፓርቲ የሞተር ጓድ አዛዥ ነበር። ዓለም አቀፉ ማኅበር ይህን ማዕርግ ከቶ አላጸደቀውም። ይህም ሹም ተራ ሹም እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። የሂትለር መንግሥት ለሁለቱም ኩባንያዎች ለእሽቅድምድም ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ነጂዎቹም በዚሁ ጓድ ሥር እንዲሰለፉ ተደርጎ ነበር። ድሉ ሁሉ ለመንግሥቱ ዝና ይውል ነበር። ሽልማት ሰጪው ገንዘብም ሰጪ፥ አለቃም፥ ዳኛም በሆነበት ስፍራ ዳኝነት አለ ለማለት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ይነሣል። «ላንግ በዚያ ዓመት ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ አምስት ታላላቅ ውድድር ያሸነፈውን ትቶ አንድ ያሸነፈውን ሻምፒዮን ማለት አይገባም፤ ሹሙ ልክ ነው» ይላል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም ላንግ በዚያ ዓመት ፈጣኑ ነጂ እንደ ነበረ አልክድም። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ደንቡ መጥፎ ከነበረ መለወጥ የሚገባው ውድድሩ ሳይጀመር ነበር። ሙለር መኪናውን እስከ መጨረሻ አድርሶ ሁለተኛና አራተኛ ሲወጣ፥ ያ ትዕግሥት በደንቡ መሠረት ዋጋ ያለው መሆኑን አውቆ ነው። ከሥራው በኋላ ያ ዋጋ የለውም ብሎ መንገር ሰውን ማታለል ነው።

የላንግስ ጉዳት ምንድር ነው? ይህ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ 1939 የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ሻምፒዮን» ካለ በኋላ «ነገር ግን» ብሎ ይጨምራል። ላንግ ያሸነፋቸውን አምስት ውድድሮች ማንም አልካደም፤ የተሰጠውን ስም ግን ብዙዎች ካዱ። በእጁ ያገኘው ጸና፤ በሹም እጅ የተቀበለው ተናጋ። ሹሙ ወዳጅነት ያደረገለት መስሎት የማይጠፋ ጥርጣሬ አሸከመው። ሁንላይን ዝም ቢል ኖሮ ላንግ «በደንቡ ጕድለት የተቀደመ ታላቅ ነጂ» ተብሎ ይታወስ ነበር፤ ይህም ከአጠራጣሪ አክሊል ይሻላል።

ጦርነቱ ውድድሩንም፥ ጓዱንም፥ ሰጪውንም ጠራረገ። ሁንላይን በ1942 ዓ.ም. ሞተ። የናዚ መንግሥት በ1945 ዓ.ም. ወደቀ፤ ያ መንግሥት የሰጠው ማዕርግ ሁሉ ዋጋ አጣ። የቀረው ምን ነበር? ሙያው። በ1946 ዓ.ም. ከተማዎቹ ገና ፍርስራሽ ሳሉ በጥቁር ጫካ አገር በሩሕሽታይን ተራራ ላይ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን የመጀመሪያው የሞተር ውድድር ሲደረግ፥ ላንግ አሮጌ ቤ ኤም ቬ ይዞ ቀረበና አሸነፈ። በ1951 ዓ.ም. መርሴዲስ ከጦርነቱ በፊት የሠራቸውን መኪናዎች አውጥቶ ወደ አርጀንቲና በላከ ጊዜም ላንግ አብሮ ሄዶ በቦኖስ አይረስ በአንዱ ውድድር ሁለተኛ፥ በሌላው ሦስተኛ ወጣ።

ከዚህ በኋላ 1952 መጣ። ዳይምለር ቤንዝ በፈረንሣይ አገር በለማን ከተማ ለሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር 300 ኤስ ኤል የተባለችውን አዲስ መኪና አዘጋጀ። ሞተሯ ከተራ የከተማ መኪና የተወሰደ ስለ ነበረ፥ በጕልበት ከፌራሪ፥ ከጃጓርና ከታልቦ ጋር የምትወዳደር አልነበረችም። አርባ ሦስት ዓመት የሆነው ላንግ ፍሪትስ ሪስ ከሚባል ነጂ ጋር እየተፈራረቀ እንዲነዳ ታዘዘ። ኖይባወር ያዘዘው እንዳይቸኵሉና መኪናውን እንዲጠብቁ ነበር። ይህ ትእዛዝ ለቀድሞው መካኒክ ይበልጥ የተስማማ ነበር። ጃጓሮቹ ፍጥነት ለመጨመር ሲባል የፊት ቅርጻቸው ስለ ተለወጠ ሞተራቸው እየጋለ ሦስቱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ውስጥ ቀሩ። ፌራሪውም ብዙ አልሄደ።

እስከ መጨረሻው የመራው ፒየር ለቬግ የተባለ ፈረንሣዊ ነበር። ለቬግ መኪናውን ለባልንጀራው አልሰጥም ብሎ 23 ሰዓት ያህል ብቻውን ነዳ። በመጨረሻው ሰዓት ላይ፥ ብዙ ዙር ቀድሞ ሳለ፥ የታልቦው ሞተር ተሰበረ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለዚህ ሰው ይመስላል። ላንግና ሪስ ከ3,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው አንደኛ ወጡ፤ ሌላዋ መርሴዲስ ሁለተኛ ሆነች። ዕድል ረድቷቸዋል የሚል ሰው አይሳሳትም፤ ነገር ግን ዕድል የሚረዳው መኪናው ያልተሰበረበትን ሰው ነው።

ይህን ድል ማንም «ነገር ግን» አላለበትም። ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ፥ ዳኛውም የሌላ አገር ሰው፥ ተመልካቹም ከጥቂት ዓመታት በፊት በጀርመን ጦር የተያዘው የፈረንሣይ ሕዝብ ነበር። ጀርመኖች ሲያሸንፉ ደስ ይለዋል ተብሎ የማይጠበቅ ሕዝብ ነበረ፤ ሆኖም ያሸነፉትን አሸነፉ ከማለት በቀር ምንም አላለም። በዚያው ዓመት ላንግ በሜክሲኮ አገር በተደረገው ረጅም ውድድር ሁለተኛ ወጣ። በ1954 ዓ.ም. በጀርመን ታላቅ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ ከመርሴዲስ ጋር ተሰልፎ ከመንገድ ወጣና አልጨረሰም፤ ከዚያ በኋላ እሽቅድምድምን ተወ።

የሙለርንም ነገር ሳንጨርስ አንተው። ማዕርጉ የታለፈው ሙለር፥ ላንግ እንደ ጀመረው ሁሉ እሱም በሞተር ብስክሌት የጀመረ ሰው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሞተር ብስክሌት ተመለሰ፤ በ1955 ዓ.ም. በአርባ አምስት ዓመቱ ኤን ኤስ ኡ በሚባለው ሞተር የ250 ሲ.ሲ. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያን ጊዜ ነጥቡን የቈጠረው ዓለም አቀፍ ማኅበር ነበር፤ ማዕርጉንም ማንም አልተከራከረበትም። እንግዲህ ሁለቱም ሰዎች፥ የተሰጠውም የተነፈገውም፥ ጥርጣሬ የሌለበትን ክብር ያገኙት ሹሙ ከመካከላቸው ከወጣ በኋላ ነው።

ሻምፓኝ አዘዘ የሚባለው ብራውሂትሽ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ በዚያ የስፖርት ሹም ሆነ። ላንግ ግን ከእሽቅድምድም በኋላ ተመልሶ የገባው ወደ ፋብሪካው ነበር፤ በወጣትነቱ በመካኒክነት በተቀጠረበት በዳይምለር ቤንዝ ሠራ። በ1987 ዓ.ም. በተወለደበት በካንሽታት ሞተ።

የላንግን ሕይወት እንዲሁ ያለ ነቀፋ ማመስገን አይቻልም። ባለሙያ ነበር፤ ሙያው ግን ለብዙ ዓመታት ለክፉ መንግሥት ጌጥ ሆኖ አገለገለ። ሙያ ብቻውን ሰውን ከክፉ ጌታ አያድነውም፤ እንዲያውም ክፉ ጌታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ባለሙያውን ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሥራው ለማን እንደሚውል መጠየቅ አለበት። ሸላሚውም በበኩሉ የሽልማቱን መንገድ መጠየቅ አለበት።

ወጣት ሹም ሆይ፥ በጠረጴዛህ ላይ የሁለት ሰዎች ፋይል ቀርቦልህ አንዱን ለማሳደግ የምትወስንበት ቀን ይመጣል። ምናልባት አንደኛው በእውነት የሚበልጥ ይሆናል፤ ደንቡ ግን ለሁለተኛው ያደላል። ያን ጊዜ ልብህ «እውነቱን አውቃለሁና ደንቡን ልዝለል» ይልሃል። አትዝለል። ደንቡ መጥፎ መሆኑን ጽፈህ ለአለቆችህ አቅርብ፤ ለሚመጣው ዓመት እንዲለወጥ ተከራከር፤ ለዚህ ዓመት ግን የታወጀውን ፈጽም። ያለዚያ ሁለት ሰዎችን በአንድ ፊርማ ትበድላለህ። አንዱ በደንብ ያገኘውን ይነጠቃል፤ ሌላው በላቡ ያገኘው ክብር በአንተ ችሮታ ያገኘው ይመስልበታል። ባልንጀሮቹም በሄደበት ሁሉ «የእገሌ ሰው ነው» ይሉታል፤ እሱም እውነተኛ ችሎታውን ይዞ ዕድሜ ልኩን ሲመሰክር ይኖራል።

ተማሪ ሆይ፥ አንተም ደግሞ አክሊል ሲሰጥህ ማን ሰጠኝ ብቻ ሳይሆን በምን ደንብ ተሰጠኝ ብለህ ጠይቅ። ላንግ አክሊሉን ከሁንላይን እጅ ሲቀበል ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ ጥርጣሬ የሌለበትን ድል በለማን እስኪያገኝ ድረስ 13 ዓመት ጠበቀ። ያ ድል ዕድል ቢረዳውም ዕድል ብቻ አልነበረም። ደግነቱ የካንሽታቱ መካኒክ በ1939 የተሰጠውን ስም እንደ ሀብት ቈጥሮ እጁን አላጣጠፈም፤ ሥራውን አልተወም። ሥራውን ትቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ ያው «ነገር ግን» በሆነ ነበር።